በእኔ ስም የተኛችው ሴት

ምላሴ ረጅም ነው። ይህን የሚክድ ሰው በምኖርበት ዐረብ አገር፣ ደክዋኔ ሰፈር ውስጥ አታገኙም። ወደ ዶራ በሚያመላልሰው ፋን በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ሹፌሩ ሬዲዮውን ሲያስጮኸው ከሁሉ ቀድማ የምትጮኸው እኔ ነኝ። ጅዴይዴ ገበያ ላይ ለአሠሪዬ ለማዳሜ የፈረጠ ቲማቲም ሊያስታቅፏት ሲሞክሩ ከሻጩ ጋር የምሟገተውም እኔው ነኝ። አብረውኝ የተሰደዱት ሴቶች «አንቺ ባለሽበት ጠበቃ አያስፈልግም» እያሉ ያሾፉብኛል። እንዲህ ያለችው ሰው ናት እንግዲህ መናገር በነበረባት አንድ ሰዓት ላይ እውነቱን የዋጠችው። ይህን ስጽፍ ፊቴ ይቃጠላል፤ ይቃጠል።

ነገሩ የጀመረው ከማዳሜ ልብ ነው። ማዳሜ አሮጊት ናት፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ትወስዳለች፤ መጠኑ አንድ ጊዜ ሲበዛባት፣ አንድ ጊዜ ሲያንሳት መከራዋን ታያለች። ወደምትታከምበት ሆስፒታል ይዣት የምመላለሰው እኔ ነኝ። ሆስፒታሉ በዚያን ሰሞን አዲስ አሠራር ጀምሮ ነበር። መድኃኒት ከመታዘዙ በፊት የበሽተኛው ዘረመል ይመረመራል። ሰውነቱ የትኛውን መድኃኒት ቶሎ እንደሚፈጭ፣ የትኛውን እንደሚያዘገይ ይታወቅና በስሙ ኮምፒዩተር ላይ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ማንም ሐኪም ያንን ስም ሲከፍት ይህ ይስማማዋል፣ ይህ አይስማማውም የሚል ምልክት ያያል። ማዳሜን መረመሯት፤ መጠኗን አስተካከሉላት፤ ሰው ሆነች።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ሲያስረዳ እጁ አያርፍም። ኢትዮጵያዊት መሆኔን ሲያውቅ ዓይኑ በራ። «አንቺንም እንመርምርሽ፤ ለመጀመሪያዎቹ ተመርማሪዎች በነፃ ነው» አለኝ። ከጉንጬ ውስጥ በጥጥ እንጨት ፋቅ ፋቅ አደረገ፤ አለቀ። እየፋቀም አስረዳኝ። ትራማዶል የሚባል የሕመም ማስታገሻ አለ፤ አንዳንድ ሰው ሰውነት ውስጥ ሲገባ በጥድፊያ ይለወጥና ከልክ በላይ ኃይለኛ ይሆናል፤ ትንፋሽ እስከማቆም ይደርሳል። በእናንተ አገር ሰዎች ዘንድ ይህ ነገር ከሌላው በርከት ይላል አለኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ውጤቴ መጣ። የእኔ ሰውነት ደህና ነው፤ ትራማዶል ይስማማኛል።

«ይህ የአንቺ ብቻ ነው» አለኝ ውጤቱ ያለበትን አረንጓዴ ካርድ ሲሰጠኝ። «የእናትሽ ልጅ እንኳ በዚህ አትጠቀምም። እንደ መነጽር ነው፤ የሰው መነጽር አድርገሽ መንገድ ትሻገሪያለሽ?»

ሳቅኩ። ገብቶኝ ነበር። አልገባኝም ነበር ማለት ብችል ይህን ሁሉ አልጽፍም።

አሁን ስለ እታለም ልናገር። ስሟ አይደለም፤ በስድስት ዓመት ስለምትበልጠኝ እንዲያ እላታለሁ። እዚህ አገር የመጣሁ ጊዜ ጅዴይዴ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቆልፎብኝ ነበር የምውለው። እሷ ፊት ለፊት ካለው ሕንፃ ትሠራ ነበር። ልብስ ልታሰጣ በረንዳ ስትወጣ እኔም እወጣለሁ። መጥረጊያው በዐረብኛ ምን እንደሚባል፣ የወለሉ ጨርቅ ምን እንደሚባል፣ ማዳም ስትቆጣ ምን ተብሎ እንደሚመለስ በዚያ በረንዳ ላይ ነው ያስተማረችኝ። ስምንት ወር ሙሉ ከእሷ ሌላ አማርኛ የሰማሁበት አፍ አልነበረም። አንድ ቀን ማልቀሴን አይታ የልብስ መቆንጠጫ ወረወረችብኝ፤ ግንባሬን መታኝና ሁለታችንም ሳቅን።

በኋላ የቤቱ ልጅ እጁን ሲያነሳባት ፓስፖርቷን ጥላ ወጣች። ወረቀት የላትም። ቀን ቀን ካራንቲና ሰፈር ውስጥ የአንድ መጋዘን ቢሮዎች ታጸዳለች። የማዳሜ ልጅ ከነቤተሰቧ ተመልሳ ክፍሌን ስትይዝብኝ፣ ማዳሜ ውጭ እንዳድር ፈቀደችልኝና ደክዋኔ ውስጥ ከእታለም ጋር አንድ ክፍል ተከራየን። እኔ ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ አለኝ፤ ተእሚን የሚሉት የጤና መድን አለኝ፤ ሆስፒታል ብተኛ ተእሚኑ ይሸፍንልኛል። እሷ ምንም የላትም።

እኛ ዘንድ ደግሞ መድኃኒት የጋራ ነው። የአንዷ የወገብ ኪኒን ለሌላዋ የጥርስ ይሆናል፤ የተረፈው በብስኩት ቆርቆሮ ይቀመጣል፤ ቤት የለቀቀች ቆርቆሮዋን ለቀሪዋ ትታ ነው የምትሄደው። ኢቃማም እንደዚያው ነው። ወረቀት ያላት ለሌላት እንደ ነጠላ ታውሳለች። ክሊኒክ በእገሌ ስም የሄደች፣ በእገሌ ስም የወለደች አለች። ይህን የሚያወግዝ ሰው በመጀመሪያ ወረቀት አጥቶ ይታመም።

እታለም ከቀኝ ጎኗ ሥር ያማት ጀመር። የሐሞት ከረጢቷ ጠጠር ቋጥሯል። ሕመሙ ሲነሳባት ትራሱን ነክሳ ትንፈራገጣለች። ኢቃማዬን ልስጥሽ ያልኳት እኔ ነኝ። እሷ እንኳ አልጠየቀችም።

«ቢያውቁብንስ?» አለችኝ።

«ማን ሊያውቅ? ለእነሱ እኮ ሁላችንም አንድ ነን። ፎቶውን ማንም አያየውም።»

እውነትም ማንም አላየውም። የልደት ቀኔን፣ የእናቴን ስም፣ የማዳሜን ስልክ በቃሏ አጠናች። የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ ካርዱን ተቀበለች፤ ፎቶው ላይ ያለችው ክብ ፊት እኔ ነኝ፤ ፊት ለፊቷ የቆመችው ረዥም ፊት እታለም ናት። ቀና ብላ አላየቻትም። እኔም ስሜን እሷ ስለያዘችው የሌላ ጓደኛችንን ስም ሰጥቼ እህቷ ነኝ ብዬ ገባሁ። ያኔ በሆዴ ሳቅኩባት። አሁን ሳስበው ያቃጥለኛል። ከሥጋችን ውስጥ በዓይን የማይታየውን ልዩነት የሚያይ ማሽን የገዛ ሆስፒታል፣ በሩ ላይ የሁለት ሴቶችን ፊት መለየት አልቻለም። እኛም በዚህ ንቀታቸው ተማምነን ገባን።

ልጅቷ ኮምፒዩተሩን አይታ ፈገግ አለች። «ኦ፣ አንቺ ተመርምረሻል! መርሲ፣ ሥራ ቀነስሽልን» አለቻት። እታለም ምን እንደሆነ አልገባትም፤ ፈገግ ብላ መለሰችላት። እኔ ግን ገባኝ። የእኔ ምርመራ ነው። ቀስ ብዬ ክንዷን ይዤ እንውጣ ልላት አሰብኩ። ከዚያ ደግሞ፣ ከስንቱ መካከል እሷ ላይ ይደርሳል ብዬ ተውኩት። በዚያ ላይ ተራዋ ደርሶ ነበር።

ቀዶ ጥገናው በሰላም ተጠናቀቀ። በማግስቱ ከምሳ በኋላ ማዳሜን አስፈቅጄ ሄድኩ። እታለም ጠዋት ማስታገሻ ተሰጥቷት ተኝታ ነበር። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ፊቷ ላይ ወድቃለች፤ አልተንቀሳቀሰችም። ብጠራት ዓይኗን በግማሽ ገልጣ መልሳ ጨፈነች። ጎኗን ስትነካ ግን ታቃስታለች።

ነርሷ መጣች። ደግ ሴት ናት፤ ይህን መደበቅ አልችልም። ሁለተኛውን የትራማዶል መርፌ ይዛ ቆመችና የእታለምን ፊት አየች።

«ሀቢብቲ፣ እህትሽ እንቅልፍ በዛባት። ያኒ፣ ከቀዶ ጥገና በኋላ ያለ ነገር ነው፤ ግን ደስ አላለኝም።» ኮምፒዩተሩን ወደ ራሷ አዞረች። «ምርመራ አላት፤ ትራማዶል ይስማማታል ይላል። ቤት ውስጥስ ወስዳው ታውቃለች? ያመጣባት ነገር አለ?»

እጇ ላይ ያለውን መርፌ አየሁ። የምርመራው ጥጥ የገባው በእኔ ጉንጭ እንደሆነ በዚያ ሕንፃ ውስጥ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ነርሷ አላወቀችም፤ ኮምፒዩተሩ አላወቀም፤ እታለም ራሷ አላወቀችም። «ፓርዶን፣ ቆይ» ማለት ይበቃ ነበር። ፖሊስ ታየኝ። ኢቃማዬ ሲቀደድ ታየኝ፤ የማዳሜ ፊት ታየኝ፤ አውሮፕላን ማረፊያው ታየኝ።

«አይዋ» አልኩ። «ብዙ ጊዜ ትወስዳለች። ይስማማታል።»

አንድ ቃል በቂ ነበር፤ እኔ አራት ጨመርኩ። ምላሴ ረጅም ነው ብያለሁ።

ነርሷ መርፌውን ሰጥታ ሄደች። ለእሷው ብዬ ነው፣ ቢይዟት እስር ቤት ነው የምትገባው ብዬ ራሴን ለማሳመን ሞከርኩ። ውሸት ነው። የፈራሁት ለራሴ ነው።

አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ደረቷን አይ ጀመር። ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። ከዚያ በአንዱና በሌላው ትንፋሽ መካከል ያለው ጊዜ እየረዘመ ሄደ። እስክትተነፍስ እኔም ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ፤ እሷን መጠበቅ ሲያቅተኝ እኔ እተነፍሳለሁ። ያን ጊዜ እንኳ ተቀምጬ ነበር። አሁን ይሻላታል፣ አሁን ይሻላታል እላለሁ። ከንፈሯ ዳር ዳሩ ሲጠቁር ነው ተነስቼ ኮሪደሩ ላይ የጮህኩት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ነርሷ እየሮጠች ገባች። ጉንጯን በመዳፏ እየመታች ትጠራት ጀመር። የምትጠራው የእኔን ስም ነው። «ንቂ! ንቂ!» እያለች ስሜን ደጋግማ ትጮኻለች፤ እታለም ደግሞ ስሟ ስላልሆነ አትሰማም። ከኋላ ቆሜ ስሜ ሲጠራ እሰማለሁ። ከዚያ ሐኪሙ ሌሎች ሰዎች አስከትሎ ገባ፤ የዓይኗን ብሌን አየ፤ አንድ የማርከሻ መርፌ ጮኾ አዘዘና ሰጧት። ትንሽ ቆይታ ከውኃ እንደወጣ ሰው አየር ስባ ተነሳች። መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ሐኪሙ ነበር፤ ያ የመረመረኝ ወጣት። መልኬን ያስታውሳል ብዬ ሞትኩ። አላስታወሰም። እንደ እንግዳ መቀበያዋ ልጅ እሱም አላየኝም።

«ሊሆን አይችልም» ይላል ኮምፒዩተሩ ላይ አፍጥጦ። «ራሴ ነኝ ያስመረመርኳት። ላቦራቶሪው ናሙና ቀያይሯል ማለት ነው። እንዲህ ከሆነማ የሁሉም ሰው ምርመራ አይታመንም።»

ያን ዕለትና በማግስቱ ሥራው ሁሉ ቆመ። የተመረመሩትን ሰዎች ሁሉ ውጤት እንዳትጠቀሙበት ተባለ። ከእነሱ አንዷ ማዳሜ ናት፤ መድኃኒቷን ያስተካከለላት ውጤት ተጠርጣሪ ሆነና ወደ ድሮው መጠን መለሷት። የላቦራቶሪዋን ሠራተኛ ጠርተው ጠየቋት። ነጭ ጋውን እንደለበሰች በኮሪደሩ የውኃ ማቀዝቀዣ አጠገብ ቆማ ታለቅሳለች፤ «እኔ አልቀየርኩም፣ ወላሂ አልቀየርኩም» ትላለች። ሁለት ጊዜ በአጠገቧ አለፍኩ። ሁለተኛው ላይ ሶፍት ሰጠኋት። ሶፍት!

ወደ ክፍላችን ሴቶቹ ተሰብስበው ሊጠይቋት መጡ፤ በሦስተኛው ቀን አስወጥተዋት ነበር። እታለም ትራስ ተደግፋ ታወራለች። «ነፍሴን ያተረፈችኝ ይህች ናት። ባትጮህልኝ አልቄ ነበር» ትላለች። ሴቶቹ ያቅፉኛል፤ አንዷ ክብዬ የሚሉትን የሥጋ ድቡልቡል ጠብሳ አምጥታ በግድ ታጎርሰኛለች። ጎረስኩ። ምስጋናዋን ሁሉ ከነጉርሻው ዋጥኩት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ የሌላ ሰው በሽታ ለደበቀ ምን እንደሚገኝለት ግን ተረቱ አይልም።

በማግስቱ ማዳሜን ሳለብሳት ክንዷ ላይ ትልቅ የበለዘ ነገር አየሁ። የድሮው መጠን ደሟን አቅጥኖባታል። ቁልፏን ቆልፌላት ሳልጨርስ ኮቴን ለበስኩና ወደ ሆስፒታሉ ሄድኩ።

ሐኪሙን ብቻውን አገኘሁት። ኢቃማዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኩት። ፎቶውን አየ፤ እኔን አየ። ያን ቀን ነው መጀመሪያ ያየኝ።

«የተኛችው ማን ናት? ስሟ ማን ይባላል?» አለኝ። ነገርኩት። በዚያ ሆስፒታል ውስጥ ስሟ ሲነሳ ያ የመጀመሪያው ነበር።

«ስለ ማሽኑ ስንት ስብሰባ ተቀመጥን» አለ ቆይቶ። «ስለ ኮምፒዩተሩ፣ ስለ ጥጡ፣ ስለ ካርዱ ቀለም። በበሩ የሚገባው ሰው ማን እንደሆነ ማን ያያል ብሎ የጠየቀ አልነበረም።» ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። «ኢቃማሽን ለማን እንደምታውሺ እኔን አያገባኝም፤ ፖሊስ አይደለሁም። ነርሷ ግን የጠየቀችሽ ስለ ኢቃማ አልነበረም። ስለ እህትሽ ትንፋሽ ነበር።»

መሬቱ ቢከፈትልኝ እገባበት ነበር።

የላቦራቶሪዋን ልጅ እዚያው ጠርቶ ነገራት። አልተሳደበችም፤ አይታኝ ወጣች። የማዳሜን መጠን በስልክ አስተካከለ። በእኔ ፋይል ላይ የተጻፈውን ሁሉ መለየት ነበረበት፤ እዚያ ላይ የሐሞት ከረጢቴ ወጥቷል ይላል። ሐሞተ ቢስ መሆኔን ኮምፒዩተሩም አወቀ አልኩ በሆዴ። እታለም ግን ተመልሳ ወደዚያ እንድትሄድ ብለምናትም ፈራች፤ ያው ነገሩ አልገባትም፤ ለምን እንደሆነም አልነገርኳትም። ስለዚህ ሐኪሙ የጥጥ እንጨቱን በቱቦ አሽጎ ሰጠኝ። ለክትትል ነው ብያት ጉንጯን ራሴ ፋቅኩ። ቱቦው ላይ ስም የለም፤ ቁጥር ብቻ ነው። ወረቀት ለሌላቸው ከእንግዲህ እንዲህ አደርጋለሁ አለ፤ እስካሁን ሁለት ሴቶች ሄደውለታል፤ ሌሎቹ ይፈራሉ። በሩ ላይ ያለችው ልጅም አሁን ፎቶውን ከፊት ጋር ታስተያያለች። የእኛ ሴቶች ኢቃማ መዋዋስ ቀረብን ብለው ይራገማሉ፤ ማን እንዳስቀረባቸው አያውቁም።

ውጤቱ ሲመጣ እንደፈራሁት ሆነ። ቀይ ጠርዝ ያለው ካርድ ነው፤ በላዩ ቁጥሯና የማትነካቸው መድኃኒቶች ስም አለ።

እሑድ ጠዋት ነው የሰጠኋት። አልጋው ላይ ተቀምጣ ከመጋዘኑ ያመጣቻቸውን ጨርቆች ታጥፍ ነበር። እነዚህን መድኃኒቶች እንዳትወስጂ፣ ከቆርቆሮውም እንዳትወስጂ አልኳት። ለምን አለችኝ። ካርዱን ብቻ ሰጥቼ መውጣት እችል ነበር፤ ጫማዬንም አድርጌያለሁ። ግን ምክንያቱን ሳታውቅ ካርዱ ከቆርቆሮው ኪኒን አይበልጥባትም፤ አንድ ቀን ጎኗን ሲያማት ትውጠዋለች። ተቀመጥኩና ነገርኳት። ጥጡ የእኔ እንደነበረ፣ በሩ ላይ አውቄ ዝም እንዳልኩ። ነርሷ ጋ ደረስኩ።

«ጠየቀችኝ እኮ፣ እታለም። መርፌውን ይዛ ጠየቀችኝ...»

«አውቃለሁ» አለችኝ። ጨርቁን ማጠፏን አላቆመችም። «ዓይኔን መግለጥ ነው ያቃተኝ እንጂ ጆሮዬ ይሰማ ነበር። አይዋ አልሻት።»

«ምን እንደሆነ ገብቶሽ ነበር?» አልኳት።

«የምርመራው ነገር አልገባኝም። መርፌውን ወስጄ እንደማላውቅ ግን አንቺም ታውቂያለሽ፣ እኔም አውቃለሁ። ፈርተሽ ነው አልኩ።»

«ታዲያ በሰው ሁሉ ፊት ለምን አመሰገንሽኝ? ለምን አልሰደብሽኝም? ለምን ከቤት አላስወጣሽኝም?»

የመጨረሻውን ጨርቅ አጥፋ ከሌሎቹ ላይ አስቀመጠችና ቀና ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ከአንቺ ሌላ ማን አለኝ?» አለችኝ።